በግልገል በለስ አካባቢ ስለሚሠራው የሸክላና የጭቃ ቅርጽ

ግልገል በለስ የመተከል ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአገው ምድር ደጋ በቻግኒ በኩል የሚወርደውና በማምቡክ አልፎ እስከ ጉባ የሚዘልቀው መንገድ ያቋርጣታል፤ ስሟንም ያገኘችው በአጠገቧ ከሚፈሰው ወንዝ ነው። አገሩ ቆላ ሲሆን ቀርከሃና ረጅም ሣር በብዛት ይበቅልበታል፤ ወንዞቹም ወደ በለስ፥ በበለስም በኩል ወደ ዓባይ ይገባሉ። መተከል ቀድሞ ከጎጃም አውራጃዎች አንዱ ነበረ፤ ከ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ወዲህ ግን የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ክፍል ሆኗል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።) በዚህ ምድር ጉሙዝ፥ ሺናሻ፥ አገው፥ አማራና ኦሮሞ ይኖራሉ። ከእነዚህ መካከል የጉሙዝ ሕዝብ ቋንቋው ከኒሎ ሳሃራ ቤተሰብ የሚመደብ ነው፤ በቆየው ልማዱም ጫካውን መንጥሮ መሬቱን በመቆፈሪያ ያለማል፥ ጥቂት ዓመት ካረሰው በኋላም አሳርፎት ወደ ሌላ ይዛወራል። ዋና እህሎቹ ማሽላና ዳጉሳ ናቸው፤ ከእነርሱም ገንፎና ቦርዴ ይዘጋጃል። ስለ ሸክላ ለመናገር ከምግብና ከመሬት አያያዝ መነሣት ያስፈለገው፥ የሸክላው ዓይነት ከመጀመሪያው፥ የሸክላው ዕድል ደግሞ ከሁለተኛው ጋራ የተያያዘ በመሆኑ ነው።

ስለ ሸክላ ቅርጻ ቅርጽ ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ ወዲያውኑ የሚሄደው ለብቻው ወደ ቆመ ምስል ነው፤ ወደ አንበሳ፥ ወደ ወፍ ወይም ወደ ሰው። በዚህ መለኪያ የሚሄድ ሰው በጉሙዝ መንደር ብዙ የሚያገኘው ነገር የለም፤ ስለዚህም «እዚህ ማሰሮ እንጂ ቅርጽ የለም» ብሎ ለመመለስ ይቸኩላል። ቅርጹ ግን አለ። የሚገኘውም ከዕቃው ተለይቶ ሳይሆን በዕቃው ገላ ላይ፥ ይልቁንም እሳት ባልነካው በጎተራ ጭቃ ላይ ነው። የተቃጠለውና ያልተቃጠለው ጭቃ የሚቀበሉት ቅርጽ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ዕድሜያቸውም እንደዚሁ ይለያያል። የአንድ ሕዝብ የጭቃ ጥበብ በሙዚየም መደርደሪያ ላይ ሲገኝ የሌላው የማይገኝበት ምክንያት በብዙው ከዚህ ልዩነት የመጣ ነው።

በኢትዮጵያ ገጠር ሸክላ የሚሠራው በአብዛኛው ያለ መዘውር በእጅ ብቻ ነው። አፈሩ ከተቆፈረ በኋላ ይደርቃል፥ ይወቀጣል፥ ይነፋል፤ ከዚያም በውሃ ተነክሮ ይቦካል። ሰባራ ጠጠር ወይም ሥር እንዳይቀርበት በእጅ እየተለቀመ በብርቱ ይታሻል። የጠራ የሸክላ አፈር ብቻውን ለሥራ አይመችም፤ ሲደርቅ እጅግ ስለሚኮማተር ይሰነጠቃል። ስለዚህ አሸዋ፥ የተፈጨ ገል ወይም ገለባ ይደባለቅበታል። ይህ ድብልቅ የጭቃውን መኮማተር ይቀንሳል፤ በእሳት ጊዜ ደግሞ እንፋሎት የሚወጣበትን ጥቃቅን መንገድ ይከፍታል። ዕቃው አንዳንድ ጊዜ ከአንድ ድብልብል ጭቃ እየተሳበ፥ አንዳንድ ጊዜ እንደ ገመድ የተድቦለቦለ ጭቃ በክብ እየተደራረበ ያድጋል። ታችኛው ክፍል ጥቂት ጠንክሮ ክብደት መሸከም እስኪችል ድረስ ላይኛው አይቀጠልም፤ ትልቅ ጋን በአንድ ቀን የማያልቀውም ስለዚህ ነው። ሠሪዋ ግማሽ የደረቀውን ዕቃ በለስላሳ ጠጠር ታሸዋለች። መታሸቱ ለመልክ ብቻ አይደለም፤ የጭቃውን ቅንጣት አስተኝቶ የላዩን ቀዳዳ ስለሚደፍን ዕቃው ፈሳሽ ቶሎ አያሳልፍም።

ከዚያ በኋላ እሳት ይመጣል። እሳቱ የሚነደው በሜዳ ላይ ነው፤ ዕቃዎቹ በእንጨት፥ በሣርና በኩበት ተከበው ይቃጠላሉ። ሙቀቱ መቶ ዲግሪ ሲደርስ በጭቃው ውስጥ የቀረው ውሃ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። ከ500 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ደግሞ ከአፈሩ ባሕርይ ጋራ የተዋሐደው ውሃ ይለቃል፤ ጭቃ ሸክላ ሆነ የሚባለውም ያን ጊዜ ነው፤ ከእንግዲህ በውሃ ቢነከር ወደ ጭቃነቱ አይመለስም። የሜዳ እሳት ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይሞቃል። አየር ያገኘው ጎን ይቀላል፤ ምክንያቱም በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ይዝጋል። በጭስ የታፈነው ጎን ግን ይጠቁራል። በአንድ ማሰሮ ላይ ቀይና ጥቁር ጎን ለጎን የሚታየው በስሕተት ሳይሆን እሳቱ በሜዳ ላይ የነደደ በመሆኑ ነው።

በዚህ ዓይነት እሳት የሸክላ ጠላቱ ውፍረት ነው። ግድግዳው ስስ የሆነ ማሰሮ እንፋሎቱን ያወጣል፤ ድፍን የሆነ የጭቃ በሬ ወይም የጭቃ ሰው ግን መካከሉ ሳይደርቅ እሳት ከገባ ይፈነዳል። ስለዚህ በሜዳ እሳት የሚቃጠል ምስል ወይ እጅግ ትንሽ፥ ወይ እንደ ማሰሮ ውስጡ ባዶ መሆን አለበት። በደጋው አገር እረኞች ሕፃናት በክረምት ከጭቃ የሚሠሯቸው በሬዎች በፀሐይ ደርቀው የሚቀሩትና በሁለተኛው ቀን ቀንዳቸው የሚረግፈው ማንም ወደ እሳት ስለማያስገባቸው ነው። ቢገቡም ብዙዎቹ አይተርፉም።

ይሁን እንጂ ትልቅ ምስል ከቶ አይቻልም ማለት አይደለም። በናይጄሪያ በጆስ አምባ አካባቢ የተገኙት፥ ኖክ የሚባሉት የሸክላ ምስሎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው ሺህ ዓመት ውስጥ የተሠሩ ሲሆኑ፥ አንዳንዶቹ ራሶች ከእውነተኛ የሰው ራስ መጠን ጋራ የሚቀራረቡ ናቸው። ሠሪዎቹ ውስጣቸውን ባዶ አድርገው ልክ እንደ ማሰሮ ገንብተዋቸዋል። እንግዲህ የግልገል በለስ አካባቢ ሸክላ ሠሪ ሐውልት አለመሥራቷ ከችሎታ ማነስ ሊቆጠር አይገባም፤ ትልቅ ጋን ያለ መዘውር አቁማ የምትጨርስ እጅ ውስጡ ባዶ የሆነ ምስል መገንባት አያቅታትም። መጠየቅ የሚገባው ቅርጹን የት ማኖር እንደ ተመረጠ ነው።

የጉሙዝ ሴቶች ፊታቸውን፥ ክንዳቸውንና ሆዳቸውን እየበጡ፥ ጠባሳው ነጥብ ነጥብ ሆኖ ከቆዳው በላይ እንዲነሣ የሚያደርጉበት የቆየ ልማድ አለ። በምዕራብ ኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት የሠራው የስፔን የጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪ አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ ሩይባል፥ በ1997 ስለ አካባቢው ሸክላ፥ በ2006 ደግሞ ስለ ሕዝቦቹ አኗኗር ባሳተማቸው ሥራዎች፥ በጉሙዝ ጋኖች ላይ የሚታየውን የነጥብና የመስመር ጌጥ ከዚህ የገላ ጌጥ ጋራ አገናኝቶታል። ጎተራው ደግሞ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ከእንጨትና ከቀርከሃ ተሠርቶ፥ እርጥበትና ምስጥ እንዳያገኘው ከመሬት ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ላዩ በጭቃ ይለሰናል። በልስኑ ላይ ሁለት ጡት በጭቃ ተቀርጾ ሲወጣ ጎተራው የሴት ገላ ይሆናል፤ እህሉም በሆዷ ውስጥ ያለ ያህል ነው። በእውነተኛ ፍቺው ቅርጻ ቅርጽ ሊባል የሚገባው ይህ ነው፤ ከማንኛውም ማሰሮ ይተልቃል፥ ከሩቅ ይታያል፥ የአንድን ቤት ሀብትም ይይዛል።

አማርኛ ተናጋሪ አንባቢ በዚህ ሊደነቅ አይገባውም። አማርኛም ራሱ ማሰሮን አፍ፥ አንገት፥ ሆድና ጆሮ ይሰጠዋል፤ ልዩነቱ አማርኛ በቃል የተናገረውን የጉሙዝ እጅ በጭቃ መሥራቷ ነው። ነገሩ በአፍሪካ ውስጥም ብቸኛ አይደለም። በካሜሩን ሰሜን በማንዳራ ተራሮች የሚኖሩትን የማፋንና የቡላሃይን ሸክላ ያጠኑት ኒኮላስ ዴቪድ፥ ጁዲ ስተርነርና ኮጆ ጋቩአ በ1980 ባወጡት ጥናት፥ ማሰሮ የሚጌጠው እንደ ሰው ስለሚታሰብ መሆኑን፥ የሰው ገላና የማሰሮ ገላ የሚያጌጡበት መንገድም አንድ መሆኑን አስረድተዋል። ጡት ያለው ጎተራ አይቶ ወዲያውኑ «የመራባት አምልኮ ነው» ብሎ መደምደም ግን የብዙ መንገደኞች ጽሑፍ ስሕተት ነው። በምልክትና በአምልኮ መካከል ሰፊ ርቀት አለ፤ ጎተራውን ሴት ያደረገው ሰው ለጎተራው ይሰግዳል ማለት አይደለም። ከምልክቱ በርግጥ የሚነበበው፥ እህልን የሚያኖርና የሚያበላ ነገር በሴት መልክ መታሰቡ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የእሳቱ ጉዳይ ይመለሳል። የጎተራው ጭቃ እሳት ስለማያገኘው ውፍረት አያሰጋውም፤ በተፈለገው መጠን ሊጎላ፥ ሲሰነጠቅ ሊለሰን፥ በሚመጣው ዓመት በሌላ መልክ ሊታደስ ይችላል። የተቃጠለ ሸክላ አንድ ጊዜ ከጠነከረ በኋላ የሚለወጠው በመሰበር ብቻ ነው። ነገር ግን የነጻነቱ ዋጋ ዕድሜው ነው፤ የሣር ክዳኑ ከተነሣ የጎተራ ጭቃ ክረምትን አይችልም። ባለቤቱ እርሻውን ለውጦ ሲሄድ ጋኑን ይዞ ይሄዳል፤ ጎተራውን ግን ትቶት ይሄዳል።

ስለ ሠሪዎቹ ማዕርግም የሚነገር ነገር አለ፤ ይህም ከደጋው ጋራ ሲነጻጸር ይበልጥ ይገለጣል። በደጋው አገር ሸክላ ሠሪ፥ ቀጥቃጭና ፋቂ በየፊናቸው የተለዩ ወገኖች ሆነው ኖረዋል። ሰው ዕቃቸውን ይገዛል፥ እነርሱን ግን ቡዳ ናቸው እያለ ይፈራል፤ ልጁንም አይድርላቸውም። ዳግማዊ ምኒልክ በዘመነ መንግሥታቸው መጨረሻ አካባቢ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል፤ ልማዱ ግን በዐዋጅ አልቀረም። በጉሙዝ ዘንድ ሸክላ የሴቶች ሥራ ሲሆን፥ ሠሪዋ ተለይታ የምትናቅ ወገን አይደለችም፤ እንደ ጎረቤቷ ትቆፍራለች፥ እንደ ጎረቤቷ ታገባለች። ጥበቡ በዘር የታጠረ ባለመሆኑ በሴቶቹ አማካይነት ከጎሣ ወደ ጎሣ ይዘዋወራል። በተለይም የቆየው የጉሙዝ ጋብቻ አንዱ ወገን ለሌላው እኅቱን ሰጥቶ የዚያን እኅት የሚቀበልበት በመሆኑ፥ ሙሽራይቱ ወደ ባሏ መንደር ስትሄድ ከእናቷ የተማረችውን እጅ ይዛ ትገባለች። ከዚህ የተነሣ ከአንድ መንደር የሚገኙ ጋኖች ሁሉ አንድ መልክ እንዲኖራቸው መጠበቅ ልክ አይሆንም፤ የመልኩ ብዛት የጋብቻው ታሪክ ነው።

በሸክላው ዓይነት ላይም ደጋና ቆላ ይለያያሉ። እንጀራ የሚጋግር ሕዝብ ከሁሉ በፊት ምጣድ ይፈልጋል፤ ምጣድ ደግሞ ጠፍጣፋ ነውና ለቅርጽ ስፍራ አይሰጥም። ገንፎ የሚያገነፋና ቦርዴ የሚጠምቅ ሕዝብ ሆዳቸው የሰፋ ድስቶችንና ጋኖችን ይሻል። በገላ የሚመሰል ሸክላ ከምጣድ አገር ይልቅ በጋን አገር ቢበረታ የሚያስገርም አይሆንም።

ከጉሙዝ ውጭ ግን በኢትዮጵያ የተቃጠለ የሸክላ ምስል ረጅም ታሪክ አለው። ከአክሱም አጠገብ በሐውልቲ፥ አንሪ ደ ኮንተንሶን በ1951 ገደማ ባደረገው ቁፋሮ ከአክሱም መንግሥት ዘመን የሚቀድሙ የእንስሳት፥ የሴቶችና የቤት ምስሎች ከሸክላ ተሠርተው ተገኝተዋል። ከአክሱም ዘመን ደግሞ አንገታቸው የሴት ራስ ሆኖ፥ ጠጉሩ እስከ ሹሩባው ተለይቶ የተቀረጸ ማሰሮዎች አሉ። እነዚህ የአክሱም ማሰሮዎች ከግልገል በለስ ጎተራ ጋራ ዝምድና አላቸው ለማለት ማስረጃ የለም፤ ሆኖም ዕቃን በሰው ገላ መመሰል በዚህ አገር ከአንድ ወገን ብቻ የፈለቀ ሐሳብ አለመሆኑን ያሳያሉ።

ለብቻው የቆመ ትንሽ ምስል በቅርቡ ዘመን እጅግ የታወቀው በወለቃ ነው። ወለቃ ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ መንደር ስትሆን ቤተ እስራኤል ይኖሩባት ነበር። ሴቶቹ እንደ ሌሎቹ የደጋ ሸክላ ሠሪዎች ድስትና ጀበና ይሠሩ ነበር፤ በሃያኛው ምእት ዓመት የውጭ አገር ጎብኚ ሲበዛ ግን አንበሶችን፥ ወፎችን፥ የዳዊትን ኮከብ የያዙ ሰዎችን፥ ሰሎሞንንና ንግሥተ ሳባን እየቀረጹ መሸጥ ያዙ። ስቲቨን ካፕላንና ኃይም ሮዘን በ1988 ገደማ ባወጡት ጽሑፍ እነዚህን ምስሎች ሲመረምሩ፥ የገዢው ፍላጎት በቅርጹ ውስጥ ምን ያህል እንደ ገባ አመልክተዋል። በ1977 እና በግንቦት 1983 በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ ሥራው አልቆመም፤ በወለቃ የቀሩት ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ያንኑ ምስል መሥራት ቀጥለዋል። ይህ ብቻውን ሰፊ ጥናት የሚገባው ነገር ነው፤ የአንድ ሕዝብ ምልክት ሆኖ የሚሸጠው ዕቃ በሌላ ሕዝብ እጅ ሲሠራ ምን እንደሚባል ለማወቅ የሚጠቅም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

የወለቃ ምስል ትንሽ፥ የተቃጠለና የሚሸጥ ነው፤ ስለዚህ በጎብኚ ሻንጣ ገብቶ ባሕር ተሻግሯል፥ በሙዚየም ተቀምጧል፥ ተጽፎበታል። የጉሙዝ ጎተራ በሻንጣ አይገባም። ከዚህ የተነሣ ስለ ኢትዮጵያ የሸክላ ቅርጽ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ወለቃ ብዙ፥ ስለ መተከል ግን እጅግ ጥቂት ይላሉ። ይህ አድልዎ የጽሑፉ እንጂ የጥበቡ አይደለም።

ጊዜውም አያመችም። ከ1977 ረኃብ በኋላ የደርግ መንግሥት ከወሎ፥ ከሰሜን ሸዋ፥ ከከምባታና ሐዲያ፥ ከሌላም ስፍራ ከ80 ሺህ በላይ ሰዎችን አምጥቶ በፓዌ፥ በበለስ ሸለቆ አሰፈረ፤ የጣሊያን እርዳታ ያለበትም የጣና በለስ ሥራ ተከተለ። ጫካው ተመነጠረ፥ የጉሙዝ የመዛወሪያ መሬት ጠበበ። ሰፋሪዎቹ ምጣድና ጀበናቸውን፥ የሸክላ አሠራራቸውንም ይዘው መጡ። ከ2003 ጀምሮ ደግሞ ተበታትነው የኖሩትን ቤተሰቦች በመንደር የማሰባሰብ ሥራ በክልሉ ተካሄደ። ከ2011 ወዲህ የተነሣው ግጭት ከሁሉ የከፋ ሆነ፤ በተለይም በ2013 በመተከል በደረሰው እልቂት ብዙ ሰዎች ሞቱ፥ ከመቶ ሺህ በላይም ከቀያቸው ተፈናቀሉ። የሚሸሽ ሰው ጋኑንም ጥሎ ይሄዳል። በጉሙዝም በጎረቤቶቹም በኩል በዚህ ዘመን የተቃጠለው ቤትና ጎተራ ብዙ ነው፤ በቃጠሎ ውስጥ ያለፈ የጎተራ ጭቃ አንዳንዱ ቁራጭ እንደ ሸክላ ጠንክሮ በመሬት ላይ መቅረቱ አሳዛኝ ነገር ነው።

የላስቲክ ጀሪካንና የብረት ድስት ያመጡት ለውጥ ከዚህ ጋራ ሲነጻጸር ዝግ ያለ ነው። የጉሙዝ ሴት ሸክሟን በትከሻዋ ላይ ባጋደመችው እንጨት በሁለት ጫፍ አንጠልጥላ ስትሄድ ማየት የተለመደ ነው፤ ለዚህ አሸካከም ሁለት ጀሪካን ከሁለት ማሰሮ ይልቅ ይቀላል፥ አይሰበርምም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠፋው የውሃ ዕቃ ነው። የመጠጥ ጋን ይበልጥ ይቆያል፤ ምክንያቱም ሸክላ ጥቂት ጥቂት እያላበ መጠጡን ያቀዘቅዛል፥ በቀዳዳዎቹም ውስጥ የቀረው እርሾ የሚቀጥለውን ጥንስስ ያስነሣል። ጌጡ በብዛት የሚገኘው በጋኑ ላይ መሆኑ ለተመራማሪ የተረፈ ዕድል ነው።

በሥራው ላይ ሊሰማራ ለሚያስብ ተማሪ ጥቂት ነገር መጠቆም ይቻላል። ጋን በገበያ ከመግዛት ይልቅ ከሠሪዋ ዘንድ ሄዶ፥ ከማን እንደ ተማረችና በየትኛው መንደር እንደ ተወለደች ጠይቆ መመዝገብ ይበልጣል፤ ያለዚያ በነጥቦቹ ላይ የሚሰጠው ትርጓሜ ሁሉ ግምት ይሆናል። ለየጌጡና ለየዕቃው ክፍል በጉሙዝ ቋንቋ የሚሰጠው ስም መጻፍ አለበት፤ «አንገት» እና «ሆድ» የሚሉት ቃላት በአስተርጓሚው አማርኛ የገቡ ይሁኑ ወይስ ከባለቤቷ አፍ የወጡ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው። ስለ ገላ ጌጥ መጠየቅ ደግሞ ጥንቃቄ ይሻል፤ በቀድሞ ዘመን ሰዎች በዚህ ምልክት እየታወቁ ለባርነት የታደኑበት፥ «ሻንቅላ» በሚል ስም የተናቁበት አገር ነውና፥ እንግዳ ሰው ገላን በማየት የጀመረው ጥያቄ ሊያስቀይም ይገባል። በጋኑ መጀመር ይሻላል። ጎተራን በሚመለከት ፎቶግራፍ ብቻውን አይበቃም፤ የልስኑ ውፍረት፥ የጡቶቹ ከፍታና ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደሚመለከቱ መለካት፥ ከቤቱ በር ጋራ ያላቸውን ቦታ በንድፍ ማኖር ያስፈልጋል። ለዚህ የሚስማማው ወቅት ማሽላ የሚገባበት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ጎተራው ለእህል ተዘጋጅቶ ይገኛል፥ መንገዱም ይደርቃል።